አሮጌ ሙጫና የአማቴ ቅቤ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ አሮጌ ሙጫ ታማኝ ፍጥረት የለም። ወዳጅ ይከዳል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ጸጉርም አናትን ጥሎ ይሄዳል። ደመወዝማ ገና ሳይደርስ ነው የሚከዳው። ሙጫ ግን አንዴ "ያዝ" ካሉት ያዘ ነው... እንዲይዘው የተሰጠው ዕቃ ተገንጥሎ ከሄደ በኋላ እንኳ እሱ ግድግዳው ላይ ሙጭጭ ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ታማኝነት በትዳር ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መኪና ውስጥ አየሁት። መኪና ስላችሁ ደግሞ ባጃጅ እንዳይመስላችሁ፤ አልጋ፣ ምድጃና ሻወር ያላት መኪና ናት።

"ሻወር ያላት መኪና ሆሳዕና ምን ትሠራለች?" ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ ሰፈሩ ሁሉ ብሎኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የታደለች ታላቅ ወንድም ማቴዎስ የሚኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚህ አካባቢ እዚያ ዘመድ የሌለው ማን አለ? አንዱ ከዚያ ሆኖ እዚህ ቤት ያሠራል፣ ሌላው ሚኒባስ ይገዛል። ማቴዎስ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አደረገና ቤትም መኪናም የሆነ ነገር በስልክ ገዛ። ነጭ ባልና ሚስት አገር ሲዞሩበት ከርመው፣ ሞተሩ "እምቢ፣ ከዚህ አላልፍም" ሲላቸው ለአንድ ጋራዥ ጥለውት የሄዱት ነው። አዋቂዎቹ ሞተርሆም ይሉታል። የኛ ሰፈር ሰው "ቤት ያለው መኪና" ብሎ ጀመረና ሲሰለቸው "ቤቷ" ብሎ ጨረሰው። ተጎትታ መጣችና ግቢያችን ውስጥ ከእንሰቱ አጠገብ ቆመች።

የመጀመሪያው ሰሞን ግቢያችን ኤግዚቢሽን ሆኖ ነበር። ከሌሞ እህል ጭኖ የመጣ አንድ ባለጋሪ ሳይቀር ገብቶ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞራት።

"ፈረሱ የሚታሰረው በየት በኩል ነው?" አለኝ።

"ፈረስ የላትም፣ ሞተር ነው ያላት።"

"ሞተሩ ይሠራል?"

"አይሠራም።"

"እንግዲያው ፈረስ ያስፈልጋታል" ብሎኝ ጋሪውን እየነዳ ሄደ። እስካሁን ስለ መኪናዋ ከተሰጡ ሙያዊ አስተያየቶች ሁሉ ያልተሳሳተው የሱ ብቻ ነው።

መስቀል ሲቃረብ ማቴዎስ ደወለ። "ከባለቤቴ ጋር ለበዓሉ እንመጣለን። ሆቴል አልፈልግም፤ የምናርፈው እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። ሻወሩን ብቻ አሳምሩልኝ።" ሻወሩ ቁም ሣጥን የምታህል ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ የተለበጠበት ፕላስቲክ አርጅቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም አብጧል። ማቴዎስ አዲስ ነጭ ልባጥ ከነማስቲሹ ከአዲስ አበባ በሰው ልኮልናል። የቀረው አሮጌውን ልጦ አዲሱን መለጠፍ ነው። ልጦ መለጠፍ! ሲነገር እንዴት ያምራል?

"ባለሙያ እንጥራ" አለች ታደለች።

"የምን ባለሙያ? እኔ ምን ሆኜ?"

ታደለች እጆቼን አየቻቸው። እዚህ ላይ ስለ እጆቼ ትንሽ ማውራት ግድ ነው። ድሮ ሽማግሌ ልኬ፣ "እሺ" ተብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታደለችን እናት ስጨብጥ፣ አማቴ እጄን ለቀቅ አደረጉና ለሽማግሌዎቹ በጎን "ልጁ ጨዋ ነው፤ እጁ ግን ለስላሳ ነው" አሉ። እሳቸው አገር፣ አንጋጫ ላይ፣ "እጁ ለስላሳ ነው" ማለት እንሰት ነቅሎ የማያውቅ፣ አጥር የማያጥር፣ ሚስቱን በዝናብ የሚያስመታ ባል ማለት ነው። እውነታቸውን ነው። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ እጄ አንስቶት የሚያውቀው ከባድ ነገር ጠመኔ ነው። ይኸው ልጆች ወልደን ልጆቹ ራሳቸው ጺም ሊያወጡ ሲሉ እንኳ፣ አማቴ በመጡ ቁጥር እጆቼን ኪሴ ውስጥ ነው የማስገባቸው።

እና አማቴ በዓሉን ከኛ ጋር ሊያሳልፉ ከአንጋጫ ቀድመው ሊመጡ ነው። ገባችሁ አይደል? ሻወሩ ለኔ ሻወር አልነበረም፣ የዘገየ የጋብቻ ፈተና ነበር። አማቴ ያንን ግድግዳ አይተው "ማን ሠራው?" ሲሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ ጉሮሮዬን ስጠርግ ይታየኝ ጀመር።

ታደለች ደግሞ የራሷ ጭንቀት ነበራት። ወንድሟ እሷ ካገባች ወዲህ ቤቷ ገብቶ በልቶ አያውቅም። ለዚህ ቀን ስትል ክረምቱን ሙሉ ዊጆ ስትጥል ከርማለች። ዊጆ ለማታውቁት፣ ሴቶች በየተራ የሚያወጡት የቅቤ እቁብ ማለት ነው። ተራዋ ለመስቀል ደረሰላትና ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ጓዳችን ገባ። ምን ዓይነት ቅቤ መሰላችሁ! ለጋ፣ ቢጫ፣ የሕፃን ልጅ ራስ የሚያህል። በቅቤ የሚታሸው የቡላ አታካና፣ ክትፎው፣ የበዓሉ ሞገስ ሁሉ ያለው እዚያ ኮባ ውስጥ ነው። እኔ በዓይኔ ብቻ ነበር የምጎበኘው።

ታደለች ጠዋት ለበዓል የሚሆን ነገር ልትገዛ ፎንቆ ገበያ ሄደች፤ እኔ ቁምጣ ለብሼ ሻወር ገባሁ። ሥራው መጀመሪያ ላይ ማር ነበር። የፕላስቲኩን ጫፍ በቢላ አነሳሁና ሳብ ሳደርገው... ሸርተት ብሎ ከላይ እስከ ታች ተላጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው። "ለዚህ ነው ባለሙያ የሚጠራው?" ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አንዳንድ ሰው ብቻውን ሲስቅ ዝም ብላችሁ እለፉት፤ የሚመጣበትን አያውቅም።

ፕላስቲኩ ሲነሳ ታማኙ ሙጫ ብቅ አለ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንደ ከረመ ንፍጥ (በዓል ስለሆነ ይቅርታ) ቡናማ ቡናማ ሆኖ ተጋድሞበታል። በቢላ ፋቅኩት፤ ቢላዋ ዶለዶመ። በምላጭ ሞከርኩት፤ የተቆረጠው ጣቴ ነው። በሳሙና አጠብኩት፤ አማረበት። አቼቶ ደፋሁበት፤ እኔ አለቀስኩ እንጂ እሱ ምንም አላለም። ቤንዚን እንዳልል ታደለች ስትወጣ "ቤንዚን ብታስጠጋ ውርድ ከራሴ፤ የወንድሜን ቤት ታቃጥላታለህ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። በመጨረሻ የፈላ ውሃ አምጥቼ ቸለስኩበት። ያኔ ትንሽ ራራ፤ ለሰስ አለ። ለሰስ ሲል ደስ አለኝና፣ ደክሞኝም ስለነበር፣ ትንፋሽ ልሰበስብ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረግኩ።

ልነሳ ስል ግድግዳው አብሮኝ ሊነሳ ፈለገ።

ሸሚዜ ከትከሻ እስከ ወገብ ተይዟል። ወደ ግራ ብል የለም፣ ወደ ቀኝ ብል የለም። ሲፍቁት የማይለቅ ሙጫ፣ ሲደገፉት ደግሞ አዲስ ሆኖ ይይዛል። ልክ በዚህ ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳና የአማቴ ድምፅ ተሰማ። አማቴ ሲመጡ ወግ አለ። አማች ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ወጥቶ ይቀበላል፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ጎንበስ ይላል። እኔ ግን ተለጥፌያለሁ።

"መምህር፣ ደህና ነዎት ወይ?" አሉ ወደ መኪናዋ በር ቀርበው። እኔን በአንቱታ ነው የሚጠሩኝ፤ እኔም እንዲሁ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። እርስዎስ? ይቅርታ... መነሳት አልቻልኩም።"

"አሞዎት ነው?"

"አይ፣ ተጣብቄ ነው።"

"ልጃችንን ሲወስዱ እኮ ተጣብቀዋል። እኛስ መች ለቀቅንዎ?" አሉና ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩልኝ። የሸሚዜን ቁልፎች ፈታሁ፣ ሾልኬ ወጣሁ፣ በፎጣ ተጠቀለልኩ። ሸሚዜ ብቻውን እጅጌውን ዘርግቶ እንግዳ እየተቀበለ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ከአማቴ ጋር የምንግባባው በአማርኛ ነው። እኔ ሀድይኛ፣ እሳቸው ከምባትኛ፣ መገናኛችን አማርኛ። ሁለቱን የምታውቀው ታደለች ናት። አማርኛውን ደግሞ ከሁላችንም እኔ ነኝ የማስተምረው። ስለዚህ በመካከላችን አለመግባባት ቢፈጠር ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን ከወዲሁ የታወቀ ነው።

የአማቴ አማርኛ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ያን ቀንም ሌላ ሸሚዝ ለብሼ ስመለስ "ግንባርዎ ውሃ አወጣ" አሉኝ፤ ማላቤን ማለታቸው ነው። ስለ አገር ቤት ስጠይቃቸው "የምትታለበዋ ወለደች" አሉ። ቀጥለው የማቴዎስን መኪና ከላይ እስከ ታች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይቺ ደግሞ" አሉ፣ "የምትታለብ አለችኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ናት።"

መምህርነት በሽታ ነው። ተረቱ "ላም አለኝ በሰማይ" ነው የሚለው ልል አፌ ላይ ደረሰና መለስኩት። አማትን ማን ያርማል? እንዲያውም ቅኔ መስሎኝ፣ "እንዲህ ያለውን ለተማሪዎቼ ባወራላቸው" ብዬ አሰብኩ። ነገሩ እንዳይገባኝ ስንት ማወቅ ጠይቆኛል መሰላችሁ!

አማቴ አንገታቸውን በሻወሩ በር አስግገው ግድግዳውን ከነሸሚዜ መረመሩ።

"እንዲህ ያለውን ቅቤ ነው የሚያስለቅቀው" አሉ።

"ቅቤ?"

"አዎ፣ ቅቤ። ጓዳ አይጠፋም። በጨርቅ ነከር እያደረጉ ይቀቡት፣ ትንሽ ይተዉት፣ ራሱ ይለቃል። እሳት ብቻ እንዳያስጠጉበት።"

"እሺ፣ እማማ።"

"ሽታው ግን ሰንበት ይላል" አሉና ዕረፍት ሊያደርጉ ወደ ቤት ገቡ።

እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር። አውቃለሁ። "የቱን ቅቤ? ስንት ቅቤ? የማንን ቅቤ?" ትሉ ነበር። እኔ ግን አማት የነገሩትን ደግሞ መጠየቅ አለማመን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞስ ምን ያጠራጥራል? ልጅ ሳለሁ የእህቴ ጸጉር ላይ ማስቲካ ሲጣበቅ እናቴ በቅቤ አሽታ ነበር ያስለቀቀችላት። ማስቲካ ምንድን ነው? ሙጫ ነው። ጸጉር ምንድን ነው? ያው ግድግዳ በሉት። እሳት አታስጠጋ ያሉት ቅቤ ስለሚቀልጥ፣ ሽታው ይሰነብታል ያሉትም ቅቤ ስለሚሸት ነው። ሁሉም ገጠመ። የተሳሳተ ነገር እንደዚህ ልክክ ብሎ ሲገጥም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ጓዳ ገባሁ። ኮባውን በቀስታ ፈታሁት። መጀመሪያ የወሰድኩት የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል ነበረች፤ ታደለች ብታየኝ እንኳ "ራሴን ልቀባ ነው" ማለት እችላለሁ። ግድግዳው ላይ ቀባኋት፣ ተውኳት፣ ጠረግኳት... እናንተዬ፣ ለቀቀ! ያ በምላጭ ያልተበገረ ሙጫ ተንከባሎ ጨርቁ ላይ መጣ። ከሥሩ ንጹሕ ነጭ ግድግዳ ብቅ አለ። እጄ ላይ የዚህ ዓይነት ተአምር ተሠርቶ ስለማያውቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጠጥ የሚወድ ሰው ይረዳኛል። "አንድ ብቻ" ነበር ያልኩት። ቀጥሎ ጥጉ ቀረ፤ ጥጉን ትቶ መሄድ አይሆንም። ጥጉ ሲያልቅ የቧንቧው ዙሪያ አለ። ሙጫው ደግሞ ቅቤውን ይጠጣዋል፤ የሰጠሁትን ሁሉ ዋጥ አድርጎ "ጨምር" ይላል። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ስደርስ በጣት መቆንጠሩን ትቼ በእፍኝ ነበር የምሄደው። ልጆቼ ሲያወሩት አባታችን በሆዱ እየዘፈነ ነበር ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ጮክ ብዬ ነው የዘፈንኩት። ስጨርስ ግድግዳዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ እጆቼ ያብረቀርቃሉ፣ ኮባው ውስጥ የቀረው ግን ኮባ ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ ፀሐይ ወጣች። ክረምቱን ሙሉ የት እንደገባች ያልታወቀች ፀሐይ ያን ቀን ከሰዓት በመኪናዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተንሰራፋች። ግድግዳው ላይ የቀረው ቅቤ ቀለጠ። ቀልጦ ወረደ። ወርዶ በውሃ መውረጃው በኩል ከመኪናዋ ሥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ መጣ፤ ቀጥሎ ማንነቱን የማላውቀው ውሻ መጣ፤ ድመቷ ጎማው ላይ ወጥታ ቦታ ያዘች። ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን አንስቶ "የማን ቤት ነው ቅቤ የሚነጠረው?" ይል እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ታደለች ከገበያ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። የዊጆዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘነበች አብራት ነበረች።

"ምነው ውሻው በዛ?" አለች ታደለች።

"መኪናዋን ወደዋት ነው" አልኩ። ከዚያ መልካሙን ዜና አስቀደምኩ። "ነይማ ሻወሩን እይው! ልቅም ነው ያደረግኩት። በእጄ!"

ታደለች ገባች፣ ግድግዳውን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን አሸተተችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ሄደች። ወይዘሮ ዘነበችና እኔ ቆመን ተያየን። ጓዳ ውስጥ ዝምታ ነበር። ትዳር ውስጥ የኖረ ሰው ከጩኸትና ከዝምታ የቱ እንደሚብስ ያውቃል።

ባዶውን ኮባ ይዛ ወጣች። "ይሄ ምንድን ነው?"

"እማማ ናቸው ያዘዙኝ" አልኩ። አዎ፣ አማቴን አሳልፌ ሰጠሁ። እናንተ ብትሆኑ ያንን ፊት አይታችሁ ሌላ ሰው ሳትጠሩ አትቀሩም።

አማቴ ከዕረፍታቸው ተነስተው መጡ። "እኔ?"

"'ቅቤ ነው የሚያስለቅቀው' አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"'ጓዳ አይጠፋም' አላሉም?"

"ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።" ጓዳ ገቡና፣ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ከምንሞላበት ጥግ ጠርሙሱን አንስተው ይዘው መጡ። "ቅቤው ይኸው፣ እዚህ ነው ያለው። ማን ነካው?"

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ላምባ ነው።

ታደለች ባዶውን ኮባ እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቀች እንደሆነ ገባኝ፤ ቀጥሎ ስትናገር ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ እያደረገች ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ የአያቴ ስም ማን ነው?"

"ላምቦሬ" አልኩ። አማቴ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ያኔ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቅቤው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የገባኝ።

ባሊሻ ይሉታል። በዚህ አገር ያገባች ሴት የአማቿን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ለሷ ክልክል ነው። አማቴ አቶ ላምቦሬ ቤት ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ቀን ጀምሮ በ"ላ" የሚጀምር ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ላብ "ውሃ" ነው፣ ላም "የምትታለበዋ" ናት፣ ላምባ ደግሞ ኩራዝ የሚበላው ስለሆነ "የኩራዝ ቅቤ" ነው፤ ሲለምዱት "ቅቤ" ብቻ። ይህን የእኔም እናት ታደርገው ነበር፤ የሷን ቃላት ስለማውቃቸው ነው ሌላም ሴት የራሷ ቃላት እንዳሏት የረሳሁት። አስቡት እንግዲህ። በስም ፈንታ የሚገባውን ቃል፣ ተውላጠ ስም የሚባለውን፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ያረጀሁ መምህር ነኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ሳቁ ግን በረደ። ማቴዎስ ሊገባ የቀረው አንድ ቀን ነው። ታደለች ኮባውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "በደረቅ ቆጮ ልቀበለው ነው እንግዲህ" አለች ቀስ ብላ። ይሄኛው ሳቅ አልነበረበትም። ከተጋባን ወዲህ ብዙ ጊዜ አናድጃታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያሳፈርኳት ግን አይመስለኝም። የማወራው አጥቼ እጆቼን ኪሴ ከተትኩ፤ ከነቅቤያቸው።

ከሁላችን በፊት የተነሱት አማቴ ናቸው። "ይምጡ" አሉኝ። "ዊጆው ጋ እንሂድ።"

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ዘነበች ቤት የዊጆው ሴቶች ተሰበሰቡ። ወንድ በዊጆ ጉዳይ እዚያ ሲቀርብ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም፤ ተከሳሽ ሆኖ ሲቀርብማ እርግጠኛ ነኝ። አማቴ ቆመው ስለኔ ተናገሩ።

"ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው። እኔ ያልኳቸው... ያንን ነው። ያንን የሚበራውን።"

"ሻማ?" አለች አንዷ።

"አይደለም። የሚፈሰውን።"

"ዘይት?"

"ኧረ የሚሸተውን! ያንን... በስሙ የማልጠራውን!"

ሴቶቹ ገና ከጅምሩ ገብቷቸዋል። ባሊሻን የማያውቅ ማን አለ? ሆነ ብለው ነው የሚያደርቋቸው። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር "ላምባ!" ብላ ስትፈነዳ አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ቀጥሎ ተራ የሚደርሳቸው ሴቶች ከድርሻቸው እየቆነጠሩ ለታደለች ቅቤ አዋጡ። እኔ ደግሞ ለዊጆው ቅቤ መጠቅለያ የሚሆነውን ኮባ እየቆረጥኩ እንዳቀርብ ተፈረደብኝ። "እስከ መቼ?" ብዬ ስጠይቅ ወይዘሮ ዘነበች "እጅዎ እስኪሻክር" አለችኝ። አማቴን ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ እንሰቱ እያዩ ነበር። ስለ እጄ ለማን ለማን አውርተው ይሆን?

ቅቤው ተገኘ፤ እኔም አዲሱን ልባጥ በማስቲሹ ለጠፍኩ። በደንብ ያዘ። ማለቴ፣ ስወጣ ይዞ ነበር። ማቴዎስና ባለቤቱ መጡ፣ ተቃቀፍን፣ ታደለች አታካናውን አቀረበች፣ ቅቤው ከሳህኑ ዳር ሲፈስ አየሁና ነፍሴ ተመለሰች። ማቴዎስ ጣቱን እየላሰ "እንዲህ ያለ ቅቤ ከየት አገኛችሁ?" አለ። ታደለችም እኔን እያየች "ታሪክ አለው" አለች። ከዚያ ሻወሩን አሳየሁት። ነጭ በነጭ! "ማን ሠራው?" አለ። አማቴ አጠገባችን ቆመዋል። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "እንዲያው በትርፍ ጊዜዬ..." አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ማቴዎስ ሊታጠብ ገባ። ውሃውን ከፈተ። ቀጥሎ የሰማነው "ታደለች! ግድግዳው ያዘኝ!" የሚል ጩኸት ነው።

ለካ ቅቤ የቀመሰ ግድግዳ አዲስ ሙጫ አይቀበልም። ሙቁ ውሃ ሲነካው ልባጡ በሦስት በኩል ሸርተት ብሎ ወረደና ማቴዎስን እንደ ቆጮ ጠቀለለው። በበሩ በኩል የሚታየው ሁለት እግርና አንድ የሳሙና አረፋ ነበር። አሮጌው ሙጫ አልለቅም ብሎ ገደለኝ፤ አዲሱ አልይዝም ብሎ ቀበረኝ። ማቴዎስን ፈትተን አወጣነው። እኔም በረንዳው ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አማቴ ከጓዳ ወጡና ጠርሙሱን እግሬ ሥር አስቀመጡት። "ይኸው ቅቤ" አሉ። "ለቅቤውም መድኃኒቱ ይሄው ነው።" ከዚያ ራሳቸው ጨርቅ ይዘው መጡ። እኔ ከላይ፣ እሳቸው ከታች፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ግድግዳውን ጠረግነው። ልባጡ በአንድ ከሰዓት ተመልሶ ተለጠፈ፤ እስከ ዛሬም አልተነሳም። ስንጨርስ እጄን ያዝ አድርገው መዳፌን አገላበጡት።

"አሁንም ለስላሳ ነው" አሉ። "ግን ይሠራል።"

እንዲህ ያለ ሽልማት ከትምህርት ቢሮ አግኝቼ አላውቅም።

ዛሬ በኛ ሰፈር ቅቤ የሚባል ነገር የለም። የዊጆው ሴቶች "ላምባሽ ደረሰ?" ነው የሚባባሉት። ኮባ ይዤ ስገባ "የላምባው መምህር መጡ" ይላሉ። ባለሱቁ ሳይቀር "መምህር፣ ለጋ ላምባ አለ" ብሎ ይጠራኛል። በዚህ ሁሉ መሃል ቅቤን ቅቤ የሚሉት አማቴ ብቻ ናቸው። "እሳቸው ናቸው የሚያዝኑልኝ" ብዬ ለታደለች ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። "አዝነውልህ እንዳይመስልህ። እንደሌላው እንዳይቀልዱብህ ቃሉን አይጠሩት!" ይሁን። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የሚያከብረኝ አንድ ሰው አለኝ።

አቶ ላምቦሬ ካረፉ ስንት ዘመናቸው ነው፤ እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም። ስማቸው ግን በያኔዋ ሙሽሪት አፍ ላይ እንደተለጠፈ አለ። የስሙ ባለቤት ሄደዋል፣ ስሙ ግን አልሄደም። በለጋውም በኩራዙም ቅቤ አይለቅም።